ስድስት መብራት በርቶ ፊቱ ለምን ጠፍጣፋ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «በዳዝ ስቱዲዮ (የ3ዲ ሰው መሥሪያ ፕሮግራም) ያዘጋጀኋትን የሴት ገጸ ባሕርይ ወደ ብሌንደር (ሌላ የ3ዲ ፕሮግራም) አምጥቼ በሳይክልስ (የብሌንደር ብርሃን አስሊ) ነው ሬንደር የማደርገው (ምስሉን የማሰላው)። ቴክስቸሩ (ገላዋ ላይ የሚለበጠው ምስል) 8ኬ ነው፣ ወደ 8000 ፒክስል ስፋት፤ ሳምፕሉን (ለአንድ ፒክስል የሚሰላውን የጨረር ብዛት) እስከ 4000 አድርሼዋለሁ። የውጭ ሥፍራ ኤችዲአርአይ (ከየአቅጣጫው ብርሃን የሚሰጥ የአካባቢ ፎቶ) አለ፤ በዙሪያዋ ደግሞ ስድስት ኤሪያ ላይት (ሰፊ ገጽ ያለው መብራት) አስቀምጫለሁ። እንዲያም ሆኖ ፊቷ ጠፍጣፋ ነው፣ ቆዳዋ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ወለሉ ላይ የቆመች ሳትሆን ከኋላዋ ባለው ፎቶ ላይ የተለጠፈች ትመስላለች። መብራት ስጨምር ደግሞ ይብስበታል። ችግሩ የሶፍትዌሩ ነው? የተሻለ ግራፊክስ ካርድ ብገዛ ይስተካከላል?»

ምላሽ፦

ካርዱን አይግዙ፤ ሶፍትዌሩም ጥፋት የለበትም። ሳምፕል መጨመር ምስሉ ላይ አሸዋ የሚመስለውን ቅንጣት ያጠራል። ፈጣን ካርድ ሰዓት ይቆጥባል። 8ኬ ቴክስቸር ከቅርብ ሲታይ የቆዳውን ቀዳዳና መስመር ያወጣል። የፊትን ቅርጽ ግን ከሦስቱ አንዳቸውም አይሠሩትም፤ ጠፍጣፋ ፊት በ4000 ሳምፕል ሲሰላ የሚወጣው በጣም የጠራ ጠፍጣፋ ፊት ነው። ምክንያቱን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፦ መብራት ሲጨምሩ ይብሳል።

ስክሪን ጥልቀት የለውም። ጉንጭ ክብ፣ አፍንጫ ወጣ ያለ፣ የዐይን ጉድጓድ ገባ ያለ መሆኑን ተመልካች በዋናነት የሚረዳው ከብርሃን ወደ ጥላ ከሚደረገው ሽግግር ነው። አንዱ ወገን ይደምቃል፣ ሌላው ይጠቁራል፣ በመካከላቸው ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ቀበቶ ይኖራል። ቅርጹ የሚነበበው እዚያ ቀበቶ ላይ ነው። እርስዎ ጋ ከግራ የበራው መብራት በቀኝ ጉንጭ ላይ ያሳረፈውን ጥላ ከቀኝ የበራው ይደመስሰዋል። ሦስተኛው የአገጩን ሥር ያበራል፣ አራተኛው ከአፍንጫው ጎን ያለውን ጥላ ይወስዳል። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ የፊቱ ክፍል ሁሉ እኩል በርቷል። ኤችዲአርአዩ ደግሞ ከየአቅጣጫው ብርሃን ስለሚረጭ የተረፈች ጥላ ብትኖር እርሷንም ይጨርሳታል።

ይህን በዐይንዎ ለማየት ሬንደሩን አጉልተው ብሌኗ ላይ ያሉትን ነጭ ነጸብራቆች ይቁጠሩ። ኤሪያ ላይቶቹ አራት ማዕዘን ስለሆኑ አራት ማዕዘን ነጥቦች ሆነው ተደርድረው ያገኟቸዋል። መስኮት አጠገብ የቆመ ሰው ዐይን ውስጥ ግን የሚታየው አንድ መስኮት ነው፤ ቢበዛ ከፊት ለፊት ካለ ነጭ ግድግዳ የመጣ አንድ ደብዛዛ ነጸብራቅ ይጨመርበታል። ተመልካች ቁጥሩን አይቆጥርም፤ ነገር ግን የሆነ ነገር እንዳልተስማማው ይሰማዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ማጥፋት ነው። ስድስቱንም መብራት ይደብቁ፣ ኤችዲአርአዩን ይንቀሉ፣ የዎርልዱንም (የትዕይንቱን ዙሪያ) ቀለም ፍጹም ጥቁር ያድርጉት። ብሌንደር አዲስ ፋይል ሲከፍት የሚሰጠው ጥቁር ግራጫ እንኳ ጥላን በስሱ የሚሞላ ብርሃን አለው፤ ዜሮ መሆን አለበት። ቀጥሎ በቪው ሌየር ቅንብር ውስጥ ባለው የማቴሪያል መተኪያ በኩል ገላዋን ሁሉ አንድ ግራጫ ማቴሪያል ያልብሱት፤ ቀለሙ 0.5፣ ራፍነሱ (የገጹ ሸካራነት) 0.6 ቢሆን ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። መተኪያው የቴክስቸሩን ግልጽነት ስለሚያጠፋው ሽፋሽፍት፣ በጠፍጣፋ ቁራጭ የተሠራ ፀጉርና ኮርኒያ (ግልጽ የሆነው የዐይን የፊት ሽፋን) ሁሉም ድፍን ግራጫ ይሆናሉ፤ ዐይኗ ላይ ግድግዳ የቆመ ይመስላል። እነዚህን ለጊዜው ይደብቋቸው። ግራጫው የሚያስፈልገው ጥሩ ቴክስቸር መጥፎ ብርሃንን ስለሚሸፍን ነው፤ ግራጫ ሐውልት ሆና ቅርጿ ካልተነበበ ቆዳ ለብሳም አይነበብም።

መብራት ከማብራትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይለኩ፦ ቁመቷን። ዳዝ ስቱዲዮ የሚሠራው በሴንቲ ሜትር ነው፤ ብሌንደር በሜትር። ሲመጣ ልኩ ከተዛባ 1.7 ሜትር መሆን የነበረባት 170 ሜትር ልትሆን ትችላለች፤ በስክሪኑ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ብርሃኑ ግን ያውቀዋል፦ የመብራቱ ኃይል፣ የጥላው ልስላሴ፣ ቆዳ ውስጥ ብርሃን የሚጓዝበት ርቀት ሁሉም በትክክለኛው ልክ ነው የሚሰሉት። የጎን ሰሌዳውን ከፍተው ልኳን ያንብቡ፤ የተሳሳተ ከሆነ አስተካክለው ስኬሉን (ልኩን) ያጽድቁ (አፕላይ ያድርጉ)። በአጥንት (ገላዋን በሚያንቀሳቅስ የውስጥ መዋቅር) የታሰረች ከሆነች ስኬሉን ሲያጸድቁ አጥንቱና ገላው አብረው መመረጣቸውን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ሰውነቷ ይበታተናል።

አሁን አንድ መብራት ብቻ ያምጡ። ጎኑ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኤሪያ ላይት፣ ከፊቷ 1.5 ሜትር ርቆ፣ ከአፍንጫዋ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ወደ ጎን፣ ከዐይኗ መስመር ደግሞ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ይተዉትና የአፍንጫዋን ጥላ ይከተሉ። መብራቱ በጣም ከፊት ከሆነ ጥላው አጭር ሆኖ ከአፍንጫዋ ሥር ይሸሸጋል፤ ጉንጮቿም እኩል ይበራሉ። ወደ ጎን እየገፉት ሲሄዱ ጥላው ይረዝማል፣ ወደ አፏ ጥግ ያዘነብላል፣ የሆነ ቦታ ላይ ከጉንጯ ጥላ ጋር ይነካካል። በዚያች ቅጽበት በጨለመው ጉንጭ ላይ፣ ከዐይኗ ሥር፣ አንዲት የብርሃን ሦስት ማዕዘን ተከባ ትቀራለች። ወርዷ ከዐይኗ ስፋት፣ ቁመቷ ከአፍንጫዋ ርዝመት ካልበለጠ መብራቱ ቦታውን አግኝቷል። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት በሥዕሎቹ ላይ ስለሚያዘወትራት በስሙ ትጠራለች። መብራቱን ከዚህ በላይ ቢገፉት ሦስት ማዕዘኗ ትጠፋና ፊቷ ለሁለት ይከፈላል፤ ከመጠን በላይ ከፍ ቢያደርጉት ዐይኖቿ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናሉ። የሰው የፊት አጥንት ስለሚለያይ ዲግሪው ለሁሉ አንድ አይደለም። የቅንድብ አጥንቷ ወጣ ላለ ገጸ ባሕርይ መብራቱ ዝቅ ማለት አለበት፤ መመሪያዎ ሁልጊዜ ጥላው ነው።

ፊቷ ወደ አንድ ጎን ዘወር ካለ ሌላ ምርጫ ይመጣል። ለካሜራው ሰፊ ሆኖ የሚታየው ጉንጭ አለ፣ ጠበብ ብሎ የሚታየውም አለ። መብራቱን በሰፊው በኩል ቢያኖሩት ካሜራው የሚያየው አብዛኛው ክፍል የበራ ይሆናል፤ ፊቱ ሰፋ፣ ረጋ፣ ትንሽም ጠፍጠፍ ይላል። በጠባቡ በኩል ቢያኖሩት ግን ለካሜራ የቀረበው ሰፊ ጉንጭ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ያ የሽግግር ቀበቶም ፊት ለፊት ይታያል። እርስዎ ለሚፈልጉት ሁለተኛው ነው የሚሻለው።

ስለ ጥላ ልስላሴ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። ጥላን የሚያለሰልሰው የመብራቱ ስፋት ከርቀቱ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ኃይሉ እዚህ ውስጥ የለበትም። 1 ሜትር ስፋት ያለው መብራት 1.5 ሜትር ላይ ሆኖ ለስላሳ ጥላ ይሰጣል፤ ያንኑ መብራት ወደ 4 ሜትር ቢያርቁት 1.5 ሜትር ላይ ያለ 37 ሴንቲ ሜትር መብራት ያህል ይከርራል። ፀሐይ ያን ያህል ግዙፍ ሆና ጥላዋ ስል የሆነው ከርቀቷ የተነሣ ከምድር ስትታይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነች ነው። ስለዚህ በብሌንደር የፀሐይ መብራት ሲጠቀሙ አንግሉን 0.53 አካባቢ ያድርጉት፤ ከዚያ በጣም ካሰፉት የቀትር ፀሐይ መሆኑ ይቀርና ደመና የሸፈናት ትመስላለች።

ርቀት ሌላም ሥራ አለው። ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል፦ ርቀቱን እጥፍ ሲያደርጉት የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል፤ ያንኑ ድምቀት ለመመለስ ዋቱን አራት እጥፍ ማድረግ ይኖርብዎታል። ይህ በፊት ላይ ምን እንደሚያደርግ ይዩት። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ያለው ጥልቀት 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። መብራቱ ከአፍንጫዋ በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለ ጆሮዋ የሚያገኘው አፍንጫዋ ከሚያገኘው 65 በመቶ ያህሉን ነው፤ 2 ሜትር ላይ ካለ ግን 89 በመቶ ያህሉን ያገኛል። ቅርብ መብራት በራሱ ጥልቀት ይሠራል ማለት ነው። ስድስቱን መብራቶች አርቀው ኃይላቸውን ከፍ አድርገው ከሆነ ይህንንም አጥተውታል። የብሌንደር ዋት ከአምፖል ካርቶን ላይ ከተጻፈው ዋት ጋር አንድ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ፤ የአምፖል ዋት የሚጠጣውን ኤሌክትሪክ ነው የሚናገረው፣ የብሌንደሩ ደግሞ የሚወጣውን ብርሃን። ቁጥሩን ከአምፖል መቅዳት አያዋጣም፤ በዐይን መለካት ነው።

አንዱ መብራት ከተስተካከለ በኋላ የጥላው ወገን ድፍን ጥቁር ሆኖ ያገኙታል። አብዛኛው ሰው ወዲያው ሁለተኛ መብራት ያበራል፤ የእርስዎም ስድስት መብራት የመጣው እንዲህ እያለ ይመስለኛል። ከዚያ ይልቅ ነጭ ሰሌዳ ያቁሙ። ከዋናው መብራት በተቃራኒ በኩል፣ ከፊቷ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ቀለሙ 0.8 የሆነ 1 ሜትር በ1 ሜትር ጠፍጣፋ ገጽ ከካሜራው እይታ ውጭ ያስቀምጡ። የሚመልሰው ብርሃን ከዋናው የመጣ ስለሆነ ከእርሱ ሊበልጥ አይችልም፣ ዐይኗ ውስጥም ሌላ ስል ነጥብ አይተክልም፣ ሰሌዳውን በማቅረብና በማራቅ ብቻ መጠኑን ይገዙታል። ወለልም እንዲሁ ይሠራል፦ ነጣ ያለ ወለል የአገጯን ሥርና የአፍንጫዋን ቀዳዳ ዙሪያ ያፈካል፤ ወለል የሌለው ትዕይንት ይህን ያጣል።

መጠኑን በግምት አይተዉት። ሬንደሩ ሲያልቅ በምስል ማሳያው ውስጥ ባለው የናሙና መሣሪያ የበራውን ጉንጭና የጠቆረውን ጉንጭ ይንኩ፤ ቀለም ከመስተካከሉ በፊት ያለውን ቁጥር ያንብቡ። የበራው 0.60፣ ጥላው 0.15 ቢሆን አራት ለአንድ ነው፤ በፎቶ ቋንቋ ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው)። ለተፈጥሯዊ የፊት ሥዕል ከሦስት ለአንድ እስከ አምስት ለአንድ ያለው ጥሩ ሜዳ ነው። ሁለት ለአንድ ሲሆን ፊቱ ጠፍጣፋ መሆን ይጀምራል፤ ስምንት ለአንድ ላይ ድራማ ይሆናል። እርስዎ አሁን ያለዎትን ሬንደር ቢለኩት ሁለቱ ጉንጮች የተቀራረበ ቁጥር እንደሚሰጡዎት አልጠራጠርም።

ኤችዲአርአዩን ጨርሶ ይጣሉ አልልም። ግን ሥራው ምን እንደሆነ ይወስኑ። ጥላ ለመሙላት ከሆነ ኃይሉን ከ0.1 እስከ 0.3 ያውርዱት፣ ዋናው መብራት ይግዛ። ዋናው ብርሃን እርሱ ራሱ እንዲሆን ከፈለጉ ደግሞ ኤሪያ ላይቶቹን በሙሉ ያጥፉና በማፒንግ ኖዱ (ምስሉን በሚያዞረው የቅንብር ሳጥን) ዜድ ዘንግ እያዞሩት ያ የብርሃን ሦስት ማዕዘን የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጉ። ለዚህ የሚሆነው ግን አቅጣጫ ያለው ኤችዲአርአይ ብቻ ነው፤ የደመና ሰማይ ምንም ያህል ቢያዞሩት ከላይ የሚወርድ ለስላሳ ብርሃን ብቻ ነው የሚሰጥ። ፀሐይ የሚታይበት ሆኖም ፋይሉ ሲዘጋጅ የፀሐይዋ ድምቀት ተቆርጦ የቀረ ብዙ አለ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ወለል ላይ አንድ ኳስ ያስቀምጡና ጥላውን ይዩ። ሰማዩ ላይ ፀሐይ እየታየች የኳሱ ጥላ ደብዛዛና ግራጫ ከሆነ ብርሃኗ ተቆርጧል፤ ያኔ የፀሐይ መብራት በዚያው አቅጣጫ መጨመር ይኖርብዎታል። የኤችዲአርአዩ መጠን 2ኬ ቢሆንም ለማብራት ይበቃል፤ ትልቅ ፋይል የሚያስፈልገው ራሱ ከኋላ በግልጽ እንዲታይ ሲፈለግ ነው።

«የተለጠፈች ትመስላለች» ያሉት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከኋላ ያለው ፎቶ ፀሐይዋን በግራ እያሳየ ፊቷ ከቀኝ ከበራ ዐይን ወዲያው ይይዘዋል። ፎቶው ላይ ያሉ ነገሮች ጥላ ወዴት እንደወደቀ ይዩና ዋናውን መብራት በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ከፍታ ያድርጉት፤ የካሜራዎም ቁመት ፎቶው ከተነሣበት ቁመት ጋር ይግጠም፣ ካልሆነ የአድማሱ መስመር ይከዳዎታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የእግር ሥር ነው። ጫማ ወለልን በሚነካበት መስመር ላይ ምንም ብርሃን የማይገባበት ቀጭን፣ ድፍን ጥቁር ጥላ አለ፤ ከጫማው በራቀ ቁጥር እየሰፋና እየለሰለሰ ይሄዳል። ይህ መስመር ከሌለ ገጸ ባሕርይዋ ተንሳፍፋ ነው የምትታየው። ወለል ያስቀምጡና በሳይክልስ ውስጥ ባለው የነገሩ የእይታ ቅንብር ጥላ ያዥ ያድርጉት፤ ወለሉ አይታይም፣ ጥላው ብቻ በፎቶው ላይ ያርፋል። ጫማዋ ከወለሉ 5 ሚሊ ሜትር እንኳ ከፍ ካለ ያ መስመር ስለሚጠፋ ካሜራውን መሬት አድርሰው ከጎን ያረጋግጡ።

ወደ ቆዳው ልምጣ። ፕላስቲክ የሚያስመስለው ነገር ግማሹ ከላይ ያልነው ብርሃን ነው፤ ስድስት መብራት በቆዳ ላይ ስድስት ጸዳል ይተዋል፣ ቆዳም በላብ የታጠበ ወይም በላስቲክ የተሸፈነ ይመስላል። ሌላው ግማሽ ሼደሩ (ገጹ ብርሃንን እንዴት እንደሚቀበል የሚወስነው ቅንብር) ላይ ነው። ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ተበትኖ ይወጣል፤ ቀዩ ከሌሎቹ ርቆ ይጓዛል። በብሌንደር ፕሪንሲፕልድ ሼደር ላይ የዚህ ስርጭት ራዲየስ ነባሪው 1.0፣ 0.2 እና 0.1 ነው፤ ለቆዳ አይከፋም። ከ4.0 ወዲህ ባሉት ስሪቶች ስኬሉ ግን በነባሪው 0.05 ሜትር ነው፤ ቀዩ ብርሃን 5 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው፣ ይህም ፊትን ሻማ ያስመስለዋል፣ ያ የደከሙበት ጥላም ይቀልጣል። ከ0.005 እስከ 0.01 ያውርዱት። የብርሃን ስብረት ቁጥሩን 1.4 ያድርጉት። ራፍነሱ በፊቱ ላይ ሁሉ አንድ ቁጥር መሆን የለበትም፦ ግንባር፣ የአፍንጫ ጫፍና የታችኛው ከንፈር 0.3 አካባቢ ሊያበሩ ይችላሉ፣ ጉንጭ 0.5 ገደማ ላይ ደብዘዝ ይላል። ራፍነስና ኖርማል (የገጹን ጉብታ የሚያሳይ) ቴክስቸሮች የቀለም ዐይነታቸው ቀለም ያልሆነ ተብሎ መመረጥ አለበት፤ እንደ ቀለም ከተነበቡ ቁጥራቸው ይዛባል፣ ቆዳውም ያለ ቦታው ያብረቀርቃል። የቆዳ ቀለም ቴክስቸሩንም ብቻውን ከፍተው ይዩት። ከአፍንጫው ጎን ጥላ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጸዳል ተስሎበት ከሆነ ብርሃኑ አስቀድሞ ተጋግሮበታል፤ እርስዎ የሚያበሩት መብራት ከዚያ ጋር ሲጋጭ ይኖራል። እንዲህ ያለው ቴክስቸር በመብራት አይድንም፣ መለወጥ ነው ያለበት።

ጠቆር ላለ ቆዳ አካሄዱ ይለያል፤ ይህ በቂ ትኩረት ሲሰጠው አላይም። ጠቆር ያለ ቆዳ ከውስጡ በትኖ የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ነው፤ ከገጹ የሚያንጸባርቀው ግን ከቀላ ቆዳ አያንስም። ስለዚህ ቅርጹን የሚሸከመው ነጸብራቁ ነው። ጨለመብኝ ብለው ኤክስፖዠር (የምስሉን አጠቃላይ ድምቀት) ቢጨምሩ ጸዳሉ ይቃጠላል፣ ቆዳውም አመድ ይለብሳል። መፍትሔው ሰፊ ምንጭ ነው፦ 1.5 ሜትር የሚሆን ኤሪያ ላይት ወይም ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ወደ ጎንና ትንሽ ወደ ኋላ ወስደው፣ ነጸብራቁ በጉንጭ አጥንትና በአገጭ መስመር ላይ ረጅምና ለስላሳ ሆኖ እስኪንሸራተት ድረስ ያዙሩት። ትንሽ ምንጭ ከተጠቀሙ ነጥብ ነጥብ ያለ ላብ ይሆናል። ኋላ ያለው ግድግዳም ከቆዳው የተለየ ድምቀት ይኑረው፤ ጠቆር ያለ ጉንጭ ጠቆር ባለ ግድግዳ ላይ ጠርዙ ይጠፋል።

የጠርዝ መብራት፣ ከኋላ ሆኖ የፀጉርንና የትከሻን ዳር የሚያበራው፣ ለዚህ መለያየት ይጠቅማል። ግን አንድ ይበቃል፣ በአንድ ወገን፣ ከፍ ብሎ፣ ትዕይንቱ ውስጥ ከየት እንደመጣ ሊታመን የሚችል። ገላዋን ዙሪያውን በብርሃን ክር ከከበቧት ያ የመለጠፍ ስሜት ይመለሳል።

የብርሃኑን ቀለም ለመለየት ብላክቦዲ ኖድ ይጠቀሙ። ብሌንደር ነጭ የሚለው 6500 ኬልቪን አካባቢ ስለሆነ ዋናው መብራት 5000፣ ጥላውን የሚሞላው 6500 ቢሆን የበራው ወገን ሞቅ፣ ጥላው ቀዝቀዝ ይላል፤ ልዩነቱ ከ1500 ሲበልጥ ሰው ሠራሽነቱ ያስታውቃል።

ዐይን ላይ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ኮርኒያው በመስታወት ሼደር ከተሠራ ሳይክልስ ከመብራቱ ወደ ብሌኑ የሚሄደውን ቀጥተኛ ብርሃን እንደታገደ ይቆጥረዋል፤ ባለ ቀለሙ ቀለበት ይጠቁራል፣ ዐይኗም የሞተ ይመስላል። ሰዎች ለዚህ ብለው ዐይን ላይ ብቻ የሚያነጣጥር ተጨማሪ መብራት ያበራሉ። የሚሻለው ኮርኒያውን ለብቻው ነጥሎ ጥላ እንዳይጥል ማድረግ ነው፤ ወይም በላይት ፓዝ ኖድ ለጥላ ጨረር ግልጽ እንዲሆን ማድረግ። ሽፋሽፍቷ ወይም ፀጉሯ ላይ ድፍን ጥቁር ጠባሳ ከታየ ደግሞ የመብራት ጉዳይ አይደለም፦ የተደራረቡት ግልጽ ቁራጮች ከተፈቀደው የግልጽነት ዙር በልጠዋል። ነባሪው 8 ነው፤ 32 ያድርጉት። በጥላው ዳር ደረጃ ደረጃ የሚሉ ጥርሶች ካዩ ገላዋ የተሠራባቸው ትንንሽ ገጾች ጥቂት ስለሆኑ ነው፣ ሰብዲቪዥኑን (የገጾቹን ክፍፍል) ለሬንደር ወደ 2 ወይም 3 ከፍ ማድረግ ያጠፋዋል።

ከመጨረሻ በፊት ሁለት ቅንብር ይመልከቱ። የቀለም ማኔጅመንቱ (የተሰላው ብርሃን ወደ ስክሪን ቀለም የሚለወጥበት ስልት) «ስታንዳርድ» ላይ ከሆነ የደመቀው ጉንጭ ሽግግሩ ሳያልቅ ነጭ ላይ ተቆርጦ ይጠፋል። ብሌንደር ከ2.80 ጀምሮ ፊልሚክን፣ ከ4.0 ጀምሮ ኤጂኤክስን ነባሪ አድርጓል፤ ከድሮ ፋይል የመጣ ትዕይንት ግን የድሮውን ይዞ ይቀራል። ኤጂኤክስ ትንሽ የፈዘዘ ቢመስልዎት መብራት አይጨምሩ፣ ከዚያው ዝርዝር መካከለኛ ከፍ ያለ ኮንትራስት የሚለውን ይምረጡ። የካሜራው ሌንስም ነባሪው 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለፊት ሥዕል 85 አድርገው ካሜራውን ወደ ኋላ ያርቁት፣ በቅርበት የተነሣ የተነፋው አፍንጫ ይመለሳል።

የመብራት ወሰንም አለ። ፍጹም የተመሳሰሉ ግራና ቀኝ ፊት፣ ውፍረት የሌለው ልብስ፣ ክብደቱ በሁለቱም እግር እኩል ያረፈ ግትር አቋም፣ እነዚህን የትኛውም ብርሃን አያድናቸውም። ቅንድቧን በአንድ በኩል በጥቂቱ ከፍ ማድረግ፣ አንገቷን 5 ዲግሪ ማዘንበል ከሰባተኛ መብራት የበለጠ ይሠራል።

ስለዚህ የምመክርዎት ይህ ነው፦ ከስድስቱ አምስቱን ይሰርዙ፣ መደበቅ አይበቃም። በግራጫው ገላ ላይ አንዱን መብራት በአፍንጫዋ ጥላ ያስተካክሉ፣ በነጭ ሰሌዳ አራት ለአንድ ያድርሱት፣ ከዚያ ቆዳውን ይመልሱ። ሳምፕሉን ከ4000 ወደ 500 አውርደው የኖይዝ ገደቡን 0.01 ላይ ይተዉት፤ የቅንጣት ማጥሪያውን ሲጠቀሙ የቀለምና የኖርማል ፓሱን (ለየብቻ የወጣውን የምስል መረጃ) እንዲያነብ ያድርጉት፣ አለበለዚያ የ8ኬው የቆዳ ቀዳዳ ከቅንጣቱ ጋር አብሮ ይታጠባል። የጠርዝ መብራት ያስፈልግ አያስፈልግ የሚለውን ያን ጊዜ ይወስኑ። ካከሉት ከ3.2 ጀምሮ ባሉት ስሪቶች ላይት ግሩፕ ስላለ ለእያንዳንዱ መብራት ለየብቻ ይመድቡለት፤ ኃይላቸውን ዳግም ሬንደር ሳያደርጉ በኮምፖዚተሩ (ያለቀው ምስል በሚቀናበርበት ክፍል) ውስጥ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፣ ጥላው የወደቀበትን ቦታ ግን እዚያ መለወጥ አይቻልም።